ጣትዎን ለምን ወጉት? የስኳር ማሽን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስለዚያች መዳፍ ውስጥ ስለምትገባ የስኳር ማሽን ናቸው። አንዳንዱ አራት ገጽ ነው። አንዱ ደግሞ «ማሽኔ ይዋሻል» ብሎ ብቻ ጨርሷል። ጥያቄ ይሁን ክስ አልገባኝም። ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጠቅልዬ እመልሳለሁ።

አንድ ነገር ልበልና ልጀምር። ካልተናገርኩ በቀር ቁጥሮቹ ሁሉ ሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። ማሽንዎ 6.2 ወይም 11 ዓይነት ትንንሽ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ በሚሊሞል ነው የሚለካው፤ በ18 ያባዙት።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ለካሁ። 148፣ ከዚያ 163፣ ከዚያ 151 አለኝ። የቱን ልመን?

ሦስቱንም። «ይዋሻል» ያሉትም ሰው ይህንን ያንብቡልኝ።

ለእነዚህ ማሽኖች የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት አይኤስኦ 15197 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው እትም መሠረት፣ ስኳሩ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከ100 ልኬት 95ቱ ከላብራቶሪው ውጤት በ15 በመቶ ክልል ውስጥ መገኘት አለባቸው። ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ በ15 ነጥብ ክልል ውስጥ። እስቲ ያስሉት። እውነተኛው ስኳርዎ 150 ቢሆን፣ ማሽኑ 128 ቢልም 172 ቢልም ፈተናውን አልፏል። የእርስዎ ሦስቱ ቁጥሮች በ15 ነጥብ ብቻ ነው የሚራራቁት። ማሽንዎን ይቅርታ ይጠይቁት።

የሚያሳስበው ልዩነቱ የሚያደርጉትን ነገር ሲቀይር ነው። በ148ም በ163ም የሚያደርጉት ያው ነው። አንዴ 62፣ አንዴ 118 ካለ ግን እጅ ታጥቦ በአዲስ ስትሪፕ (ደሙን የምትቀበለው፣ ማሽኑ ውስጥ የምትገባው ቀጭን ቁራጭ) ይለካ። ላብ ላብ እያለዎት፣ እየተንቀጠቀጡ ከሆነ ደግሞ ከማሽኑ ጋር ክርክር አይግጠሙ። መጀመሪያ 15 ግራም ያህል ቶሎ የሚሠራ ስኳር ይውሰዱ፣ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ይደገማል።

ከላብራቶሪ ጋር ማስተያየት የሚፈልጉ በጾም፣ ደሙ በተቀዳበት ደቂቃ ጣታቸውን ይውጉ። ከምግብ በኋላ የጣት ደም ከደም ሥር ደም የበለጠ ስኳር ስላለው ሁለቱ አይገጥሙም። የተቀዳው ደም ሳይሠራ ጠረጴዛ ላይ ከቆየም ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፤ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጥፋተኛው የእርስዎ ማሽን አይደለም።

ጣቴን በአልኮል መጥረግ ግዴታ ነው?

አይደለም። ሳሙናና ውሃ ይበቃል፣ ግን በደንብ ይድረቅ።

የትኛውን ጣት ልውጋ?

የፈለጉትን። መሀሉን ሳይሆን ጎኑን፤ ሕመሙ ይቀንሳል።

አያቴ ምንም ሳይሰማት ድንገት 340 ወጣባት። ቤቱ ተተራመሰ። ከአንድ ሰዓት በኋላ 131 ሆነ። እንዴት ይሆናል?

እጃቸውን ታጥበው ነበር?

ይህን ጥያቄ የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ወጣት ነርስ ሳለሁ፣ በሌሊት ተረኛነት የአንድ ታካሚ ጣት ወጋሁ፣ 300 ምናምን አለ። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ አንስቼ መርፌው ውስጥ መሳብ ጀመርኩ። አንዲት አንጋፋ ነርስ ከኋላዬ መጣች። ማሽኑን አላየችም። ያየችው ከአልጋው አጠገብ ያለውን የብርቱካን ልጣጭ ነው። «እጁን አሳጥበሽዋል?» አለችኝ። አሳጠብኩትና ደግሜ ለካሁ። 124።

ስትሪፑ የሚፈልገው በጣም ትንሽ ደም ነው። እዚያች ጠብታ ላይ በዓይን የማይታይ የፍራፍሬ ጭማቂ ከተቀላቀለ የሚለካው የብርቱካኑንም ስኳር ነው። ውሃ በአቅራቢያ ከሌለ የመጀመሪያውን ጠብታ በንጹህ ጥጥ ጠርጎ ሁለተኛውን መጠቀም ይቻላል። መታጠቡን ግን አይተካም። ያን ሌሊት ያቺ ሴትዮ ባትመጣ ኖሮ የሚሆነውን ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ደብተሯ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ከ110 እስከ 125 ናቸው። የሦስት ወር ስኳሯ ግን 9.8 ወጣ። የተሳሳተው ማሽኑ ነው ወይስ ላብራቶሪው?

ደብተሩን ፎቶ አንስተው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ደጋግሜ አየሁት። የአንድ ወር ልኬት ነው፣ ሁሉም የጠዋት። እስክሪብቶው አንድ፣ የእጅ ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። አንድም ስርዝ የለም። አንድም የደም ነጥብ የለም። በእጅ የሚሠራበት ደብተር ይቆሽሻል።

ቀስ ብለን እንሂድ፣ ምክንያቱም እናትዎን ከመጠርጠር በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ሐኪሞች ኤዋንሲ የሚሉት የሦስት ወር ስኳር በቀይ የደም ሴሎች ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው የሚያሳየው። 9.8 ማለት በአማካይ ወደ 235 ገደማ ነው። ከደብተሩ አማካይ፣ ከ118 ገደማ ጋር ያለውን ርቀት ይመልከቱ።

አንደኛ፣ ጠዋት ብቻ የሚለካ ሰው ከምግብ በኋላ ያለውን አያየውም። ጠዋት 118፣ ከምሳ በኋላ 290 የሆነ ሰው ሞልቷል። ሁለተኛ፣ ኤዋንሲ ራሱ ይሳሳታል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ ይህን ዕድሜ የሚቀይር ነገር ውጤቱን ያዛባል። የብረት እጥረት ከፍ ያደርገዋል። ደም የፈሰሰው፣ ቀይ ሴሎቹ ቶሎ የሚፈርሱበት ወይም በቅርቡ ደም የተሰጠው ሰው ደግሞ ዝቅ ሊልለት ይችላል። ስለዚህ የደም ማነስ ምርመራ ይጠይቁላቸው። ሦስተኛ፣ የስትሪፑ ብልቃጥ ክዳኑ ተከፍቶ እርጥበት ሲገባው ከርሞ እንደሆነ ይዩ።

አራተኛው የማይባለው ነው። ቁጥሮቹ የተፈጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

በሥራዬ ዘመን ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ 287 የሚል ቁጥር ጽፈው መጡ። እኔ ደግሞ ደብተሩን ገልጬ «ይኼ ምንድን ነው? ምን በልተው ነው?» አልኳቸው፣ ሰው እየሰማ። በወሩ ሲመለሱ ሠላሳ የሚያማምሩ ቁጥሮች ይዘው መጡ። ደስ አለኝ። አመሰገንኳቸው። በኋላ የማሽኑን ሜሞሪ ስገልጥ በወሩ ውስጥ የተለካው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ሰውዬው ደብተር ማሳመር የተማሩት ከእኔ ነበር።

ሕመምተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ደብተሩን እንደ ተማሪ ካርድ ነው የሚያቀርበው። ቀይ ከበዛ ይቆጡታል፣ ሰማያዊ ከሆነ ይሸኙታል። ታዲያ ለምን ቀይ ይጽፋል? እኛ የጤና ባለሙያዎች «ጥሩ ነው»፣ «መጥፎ ነው» የምንለው ቁጥር እኮ የሰው ጠባይ አይደለም። 287 ማለት «ከምሳ በኋላ መድኃኒቱ አልበቃም» ሊሆን ይችላል። ወይም «ትናንት ኢንሱሊኑ አልቆ ነበር»። ወይም «ሌሊቱን ሲያተኩሰኝ አደረ»። ይህን ወሬ ሳንሰማ በቁጣ እንዘጋዋለን።

ስለዚህ የምለምንዎት ነገር አለ። ሜሞሪውን ደብቀው ከፍተው እናትዎን እንዳያፋጥጧቸው። ማሽኑ ቀንና ሰዓት መዝግቦ ይይዛል፤ ማወቅ ከፈለጉ ሊያውቁ ይችላሉ። ካወቁ በኋላ ግን ምን ሊያደርጉ ነው? ይልቅ አዲስ ገጽ ይክፈቱና አብረው ይቀመጡ። ሦስት ቀን ብቻ። ቁርስ፣ ምሳና እራት ላይ ከመብላታቸው በፊትና ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ አንዴ ሊተኙ ሲሉ። በቀን ሰባት ነው፣ ይሰለቻል፣ ጣትም ያማል። ግን ሦስት ቀን ነው። ለአብዛኛው አዋቂ የሚሰጠው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ነው። በዕድሜ ለገፉና ሌላ ሕመም ላለባቸው ሐኪሙ ሊያላላው ይችላል። ከቁጥሩ ጎን የበሉትን፣ የረሱትን መድኃኒት፣ የተናደዱበትን ሁሉ ይጻፉ። ሲጨርሱ ጥያቄው አንድ ነው፦ ስኳሩ የሚዘለው መቼ ነው? የቆሸሸውን ገጽ ይዘው ሐኪሙ ጋ ይሂዱ፣ ከደም ማነስ ምርመራው ጋር። መድኃኒቱን እርስዎ እንዳይቀይሩ።

ቤት ውስጥ መለካት የተጀመረው ራሱ በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ የነበረው ማሽን ትልቅና ከባድ ነበር፣ የሚሸጠውም ለሐኪምና ለሆስፒታል ነው። ሪቻርድ በርንስታይን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነት 1 ስኳር፣ ማለትም ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን ማምረት የሚያቆምበት ዓይነት፣ ነበረበት። ሚስቱ ሐኪም ስለነበረች በእሷ ስም ማሽኑን አስገዛ። በቀን ደጋግሞ እየለካ፣ ምግቡንና ኢንሱሊኑን እየቀያየረ፣ ምን ስኳሩን እንደሚሰቅልና እንደሚያወርድ በራሱ ላይ አጠና። ያገኘውን ለሐኪሞች ቢነግራቸው አልሰማ አሉት። በአርባዎቹ ዕድሜ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ራሱ ሐኪም ሆነ። ግትር ሰው ነበር። ለእናትዎም ትንሽ ግትርነት እመኝላቸዋለሁ።

ከስኳር ክኒኖች ሜትፎርሚን ብቻ ነው የምወስደው። በየቀኑ ጠዋት እለካለሁ፣ ሁልጊዜ 130 አካባቢ ነው። በቂ ነው?

ከበቂ በላይ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች ማውረዱ ብርቅ ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥዎትን ጥያቄ በየቀኑ ለምን ይጠይቃሉ? ያንኑ ስትሪፕ አንዳንድ ቀን ከምግብ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ አድርገው ያጣምሩት። ሲታመሙ፣ መድኃኒት ሲቀየር፣ የምግብ ልማድዎ ሲለወጥ ይለኩ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ስኳርን ከመጠን በታች ሊያወርድ የሚችል ክኒን የሚወስዱ ግን ይህ መልስ ለእነሱ አይደለም፤ እነሱ ሐኪማቸው እንዳዘዘው ይለኩ።

ጣት ሳይወጋ ስኳር የሚለካ የእጅ ሰዓት አየሁ። ልግዛ?

አይግዙ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ ተናግሯል። ክንድ ላይ ተለጥፎ ቀጭን ክር ከቆዳ ሥር የሚያስገባው ሴንሰር ሌላ ነገር ነው። እሱ እውነተኛ ነው።

ሴንሰሩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «52» ብሎ ጮኸ። ደንግጬ ጣቴን ብወጋ 97 ነው። ሦስተኛ ሌሊቴ ነው፣ ልጥለው ነው።

በየትኛው ጎንዎ ነው የሚተኙት? ክንድዎ ላይ ተኝተው ሴንሰሩን ሲጫኑት በዚያ ቦታ ያለው ፈሳሽ ዝውውሩ ይቀንስና ቁጥሩ በውሸት ይወርዳል። ዞር ሲሉ ይመለሳል። በሚቀጥለው ጊዜ የማይተኙበት ክንድ ላይ ይለጥፉት።

ሴንሰር የሚለካው ደም አይደለም፣ በሴሎች መሀል ያለውን ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ከደሙ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ ወይም ሲወጣ ይህ ልዩነት ይታያል። የሚሰማዎትና ስክሪኑ የሚለው ካልተስማሙ ጣት ይወጋ። ሳይወጉ ግን ማስጠንቀቂያውን አጥፍተው እንዳይተኙ፤ አራተኛው ሌሊት እውነቱን ሊሆን ይችላል።

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ስኳር አለብን። አንድ መውጊያ እንጋራለን፣ መርፌውን ግን እንቀይራለን። ችግር አለው?

አለው። ዛሬውኑ ያቁሙ። መርፌው ቢቀየርም የመውጊያው አካል ላይ ደም ይቀራል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ፣ ከሰውነት ውጪ፣ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች በጋራ መውጊያ ምክንያት ወረርሽኝ ተነስቶ ያውቃል። «ባልና ሚስት ነን» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ሁለታችሁም የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ብታደርጉ ደግሞ ጥሩ ነው።

ዓይነት 1 ስኳር አለብኝ፣ 22 ዓመቴ ነው። ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰኛል። ስላልበላሁ ኢንሱሊኑን አቁሜያለሁ። ስኳሬ 240 ነው፣ ያን ያህል አይደለም መሰለኝ?

ይህ ደብዳቤ ተራውን አልጠበቀም። እንዳነበብኩት ወዲያው ደውዬ «አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ» ብዬዋለሁ፣ ሄዷልም። እዚህ የማወጣው ሌሎች ያንኑ ስለሚያስቡ ነው።

ዓይነት 1 ያለበት ሰው ባይበላም መሠረታዊውን (ረጅም ሰዓት የሚሠራውን) ኢንሱሊን አያቆምም። ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስብ ያቃጥላል፣ ከዚያ ኬቶን የሚባል አሲድ ይከማቻል። የሚገድለው እሱ ነው። የስኳሩ ቁጥር መካከለኛ መሆኑ አያጽናና። በተለይ እንደ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ፣ ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከ250 በታች ሆኖም ኬቶን ሊሞላበት ይችላል።

ስለዚህ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ሲኖር ኬቶን ይለካል። በደም የሚለካው ማሽን ከ0.6 በታች ካለ ጥሩ ነው። ከ0.6 እስከ 1.5 ከሆነ በአንድ ሁለት ሰዓት ይደገም። ከ1.5 ካለፈ ሐኪም ጋ ይደወል። 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አይደወልም፣ ይሄዳል። የሚለካው በሚሊሞል በሊትር ነው። የሽንት ስትሪፕም ይሠራል፣ ግን የሚያሳየው ከደሙ ዘግይቶ ነው፤ ሰውየው እየዳነ ሳለም ቀለሙ ሊጠቁር ይችላል። የኬቶን መለኪያ ከሌለና የሚያስመልሰው ካልቆመ፣ በረጅሙ መተንፈስ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከመጣ፣ ጋዜጣም ሆነ ስልክ ላይ መልስ አይፈለግ። ተነስተው ይሂዱ።

አባቴ በሆዱ በኩል የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። የቱን ማሽን እንግዛለት?

ይህን ለኩላሊት ሐኪሙ ሳይነግሩ ምንም እንዳይገዙ። አይኮዴክስትሪን የሚባለው የእጥበት ፈሳሽ ሰውነት ውስጥ ወደ ማልቶስ ይለወጣል። ጂዲኤች-ፒኪውኪው በሚባል ኢንዛይም የሚሠሩ ስትሪፖች ደግሞ ማልቶስን ስኳር ነው ብለው ይቆጥሩታል። ማሽኑ ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል፣ ቤተሰብ ኢንሱሊን ይሰጣል፣ ትክክለኛው ስኳር ግን ወለል ላይ ነው። በዚህ ስህተት ሰው ሞቷል፤ የአሜሪካው ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2009 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የኢንዛይሙ ዓይነት የስትሪፑ ካርቶን ላይ ወይም ውስጡ ባለው መግለጫ ወረቀት ላይ ይገኛል። ሐኪሙ ጋ ይዘውት ይሂዱ፣ ያስነብቡት።

በጓደኛዬ ማሽን በጾም ለካሁና 131 ሆነ። ስኳር ያዘኝ ማለት ነው?

ማሽኑ ይጠረጥራል፣ የሚፈርደው ላብራቶሪ ነው። በጾም 126 እና ከዚያ በላይ፣ ምልክት ከሌለ ደግሞ በሁለት ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ሂደው ይመርመሩ። መርፌው አዲስ፣ መውጊያውም የራስዎ ነበር ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ጣት ብቻ ነው የምትጽፊው። እግርስ?

እውነትዎን ነው። ለእግር ማሽን አያስፈልግም፣ ሰው ብቻ ይበቃል። የኢፕስዊች የንክኪ ምርመራ ይባላል። ሰውየው ካልሲውን አውልቆ ይተኛ፣ ዓይኑን ይጨፍን። እርስዎ በጠቋሚ ጣትዎ ጫፍ የአውራ ጣቱን፣ የመሀለኛውንና የትንሿን ጣት ጫፍ ነካ ያድርጉ። በሁለቱም እግር፣ ጠቅላላ ስድስት ቦታ። አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ፣ ልክ ላባ እንደነካው። አይጫኑ፣ አይኮርኩሩ። በየመሀሉም «አሁንስ?» እያሉ አይጠይቁ፤ ሲሰማው እሱ ግራ ወይም ቀኝ ይበል። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው የእግሩ ስሜት ቀንሷል ማለት ነው፤ ባለሙያ ጋ ይሂድ። እዚያ በ10 ግራም ኃይል በሚጫን የናይሎን ክር ደግመው ይፈትኑታል።

አንድ አንባቢ ይህን ባለቤታቸው ላይ ሲሞክሩ የሆነውን ቀደም ሲል ጽፈውልኝ ነበር። ሰውየው ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ «አትጀምሪም እንዴ?» አሏት። አራተኛው ጣት ላይ ደርሳ ነበር።

የስትሪፑ ቀን ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ብጠቀምበት?

ይጣሉት።